ካፖርት ለብሶ የሄደው ሰው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2001

ሰው ነው የገጨሁት። ድንጋይ ነው እያልኩ ራሴን ላታልል ሞክሬ ነበር። ድንጋይ ግን «ወይኔ እጄን» አይልም።

ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወደ ቡሬ መውጫ በሚወስደው መንገድ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። የእኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋበት ፈረቃ ስለሆነ ድፍን ጨለማ ነው። ጨረቃም የለችም። ሁለታችንም ወደቅን። የሆነ መስተዋት ሲሰበር ሰማሁ፣ ወዲያው የሻይ ሽታ ሸተተኝ። ተነሣሁ፣ ብስክሌቷን አነሣሁ። ሰውየው መሬት ላይ ሆኖ ያቃስታል። ቆሜ ወደ እሱ አየሁ። «ማነህ?» አለኝ። አልመለስኩም። ከተናገርኩ ድምፄ ሴት መሆኔን ያወጣብኛል። ወጣሁባትና ሄድኩ።

ጉልበቴ ተልጧል። በጨው ውኃ አጠብኩት።

ሌባ ቢሆንስ ብዬ ነው እያልኩ ነው አሁን። ሌባ ግን በሻይ ምን ያደርጋል።

በማታ መንገድ ለደኅንነቴ ብዬ የማደርገው ይህ ነው፦
የባሌን ጥቁር ካፖርት እለብሳለሁ፣ ከሩቅ ወንድ እንድመስል።
ነጠላዬን አጣጥፌ ቦርሳ ውስጥ እከታለሁ።
መብራቱን የሚያበራውን ዳይናሞ ከጎማው አላቅቄዋለሁ። ሲዞር ይጮኻል፣ ውሻ ይጠራል፣ መብራቱም ቀሚሴን ያሳያል።
ደወል አልደውልም።
ሰው ቢጠራኝ አልመልስም።

ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ። ብስክሌቷ የእሱ ናት። እሱ በሕይወት ሳለ አንድ ቀን አልወጣሁባትም። ከሞተ በኋላ እሑድ እሑድ ጎህ ሳይቀድ በትምህርት ቤቱ ሜዳ እየወደቅሁ ለመድኩ። ቀን በእግሬ እገፋታለሁ፣ የምነዳት ሲመሽ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ዕቃ ልጭንባት የምገፋት ይመስለዋል። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካኝም። ጥሩ ዘዴ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ተነሥቶ ሄዶ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ብስክሌቷን ቤት ቆልፌ በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ላይ የፔርሙስ ስባሪ አለ። ሰው እየረገጠው ያልፋል። እኔ ግን በዳር ዞርኩ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራዬ አንሶላ ማጠብ ነው። መብራት በፈረቃ ከሆነ ወዲህ ማጠቢያው የሚሠራው በመጣለት ሰዓት ነው፣ ለዚህ ነው የምናመሸው። ጠዋት የቆሸሸውን ልሰበስብ ወደ ሴቶች ክፍል ገባሁ። አንድ የገጠር ሰው ከአንዲት በሽተኛ ግርጌ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች በጄሶ ታስሯል።

አንሶላውን አስቀምጬ ወደ እሱ ጠጋ አልኩ።

አያ ካሴ ይባላል። ከፈረስ ቤት ነው የመጣው። ሚስቱ እማዋይሽ በሳንባ ምች ተኝታለች፣ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ትናንት ማታ ሻይ አማራት። በር ላይ ያለው ሻይ ቤት ስለተዘጋ፣ አጠገባቸው ካለች አስታማሚ ፔርሙስ ተውሶ እስከ መናኸሪያው ሄደ። ይህን ሁሉ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ለገባ ለወጣው ሁሉ ይነግራል።

«ወንድ ነው እታለም» አለኝ። «ካፖርት ለብሷል። መብራት የለው፣ ደወል የለው። ተነሥቶ ቆመና አየኝ። እኔ ሊያነሣኝ ነው ብዬ ግራ እጄን ዘረጋሁለት። ውሻ እንደ ገጨ ሹፌር ጥሎኝ ሄደ።»

እጁን መዘርጋቱን አላየሁም ነበር። ጨለማ ነው። አላየሁም።

ስንዴው ደርሷል። ሚስቱ ቀና ስትል ወዲያው ሄዶ ሊያጭድ ነበር። አሁን ቆሞ ሊረግፍ ነው። ወንድሙ የራሱ አለበት፣ ልጆቹ ገና ናቸው። «ሰው በዚህ ወር እጁን ይሰበራል?» አለችው እማዋይሽ፣ እንደ መቀለድ ብላ። ሳቀላት። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አንሶላዋን ቀየርኩላት። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሽሮ ሠርቼ ይዤላቸው ሄድኩ። እሷ ገና አቅም የላትም፣ እሱ በግራ እጁ መጉረስ አልለመደም። ልብሱ ላይ እየፈሰሰበት ይስቃል። እማዋይሽ እጄን ይዛ መረቀችኝ። «ከዚህ ሁሉ ሰው መርጠሽ ለእኛ ያዘንሽ፣ የእጅሽን ይስጥሽ» አለችኝ።

የእጄን ቢሰጠኝስ።

ከሰዓት አንድ ፖሊስ መጣና የዘበኛችንን የጋሽ ሙሉን ካፖርት አገላብጦ አየ። ጥቁር ካፖርት፣ ብስክሌት፣ የሆስፒታሉ መንገድ፣ ማታ ሦስት ሰዓት። አያ ካሴ የተናገረው ሁሉ እሳቸው ላይ ልክ ሆኖ ተቀመጠ። ጋሽ ሙሉ ደግሞ ትንሽ ይጠጣሉ፣ ይህን የማያውቅ የለም። ከእኔ ጋር የምታጥበው ትርንጎ በር ላይ «ጋሽ ሙሉ ሰው አይገጩም፣ እሳቸው የሚገጩት ግድግዳ ነው» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ማምሻውን በስሜ፣ ውዴ ብለው እየጠሩኝ ወደ ማጠቢያው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እንደ ታናሽ እህት ነው የሚያዩኝ፣ ለሌላ ሰው የማይናገሩትን ለእኔ ይናገራሉ። በዚያ ሰዓት ጠላ ቤት ነበሩ፣ ለግማሽ ሰዓት ብቻ፣ በሩን ጥለው።

«ጠላ ቤት ነበርኩ ብል ከሥራዬ እባረራለሁ» አሉኝ። «በሩ ላይ ነበርኩ ብል ማንም አላየኝ። አንቺ ብትሆኚ ውዴ፣ የትኛውን ትያለሽ?»

እኔ እንጃ ጋሼ አልኳቸው።

ማታ በእግሬ ወደ ቤት። ስለ በረደኝ ካፖርቱን ለብሻለሁ። ከደምበጫ በኩል አንድ አይሱዙ መጣ፣ መብራቱ እላዬ ላይ እስኪወድቅ ድረስ ሹፌሩ አላየኝም። ጠምዝዞ በክንድ ርቀት አለፈኝ። ቆመና በመስኮት ብቅ ብሎ «አንተ ሰውዬ፣ መሞት ከፈለግህ ቤትህ ሙት» ብሎኝ ሄደ።

ቦይ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቆየሁ። ለደኅንነቴ ያልኩትን አንድ በአንድ አሰብኩት። ሁሉም ሰው እንዳያየኝ ነው፣ እንዲያየኝ የተደረገ አንድም የለበትም። ሐሜት ፈርቼ ነው መኪና የረሳሁት። ሴትዮዋ ሳይክል ነዳች ቢሉኝ ምን እሆን ነበር? ሳምንት ያወሩና ይተውታል። የአያ ካሴ እጅ ግን ሳምንት አይበቃውም።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ጋሽ ሙሉን ወሰዷቸው። ብስክሌታቸውንም።

አያ ካሴ እንዲያያቸው ተደርጎ ነበር። ፊቱን አላየሁም ግን ካፖርቱ ይሄው ነው አለ። ሐቀኛ ሰው ነው፣ ያየውን ነው የተናገረው። ጋሽ ሙሉ የት ነበሩ ሲባሉ ዝም አሉ። ዝምታቸው ደግሞ እንደ ማመን ተቆጠረ።

ሚስታቸው እራት በሳህን ይዘው ወደ ሆስፒታሉ በር መጡ፣ ሳይነግሯቸው ነው የተወሰዱት። ነጠላቸውን ሳያጣፉ ነው ከቤት የወጡት። እኔ ነኝ ወደ ጣቢያው ያደረስኳቸው። መንገድ ላይ «ይጠጣል እንጂ ክፉ አይደለም፣ ውዴ አንቺ ታውቂዋለሽ» አሉኝ ሁለት ጊዜ። አውቃቸዋለሁ አልኩ።

እዚያው በር ላይ ልናገር አፌን ከፈትኩ። እማዋይሽ ነገ ተሽሏት ብትወጣ፣ አያ ካሴ ይቅር ብሎ ቢሄድ፣ ጋሽ ሙሉ ቢፈቱ፣ ነገሩ በራሱ ቢያልቅ አልኩና መልሼ ዘጋሁት። በራሱ የሚያልቅ ነገር አይቼ አላውቅም።

እንቅልፍ የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ነገርኳቸው።

ምግቡን አስቀመጥኩና ቆምኩ። ቁጭ በይ አለኝ አያ ካሴ። አልተቀመጥኩም። ካፖርት የለበሰው እኔ ነኝ አልኩት። አልገባውም። ባሌ ነው ያልኩ መስሎት «ባልሽ ሞቷል ብለሽኝ አልነበር?» አለኝ። ስለ ብስክሌቷ፣ ስለ መብራቱ፣ ለምን ዝም እንዳልኩ ሁሉንም ነገርኩት። በመጨረሻ «ማነህ?» ያልከኝ እኔን ነው አልኩት። ያን ጊዜ ገባው።

ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«የጣለኝ ጨለማው ነው እንበል። አንቺም አላየሽኝ፣ እኔም አላየሁሽ። ቆመሽ ሳታነሺኝ የሄድሽው ግን ጨለማው አይደለም፣ አንቺ ነሽ።»

እማዋይሽ የሽሮውን ሳህን በጣቷ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። የክፍሉ በሽተኛ ሁሉ ይሰማል። ሳህኔን ይዤ ወጣሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 21

ከቅዳሴ በኋላ በቀጥታ ወደ ጣቢያ። ካፖርቱን በክንዴ፣ ብስክሌቷን እየገፋሁ።

ሳጅኑ ልጄ የሚሆን ሰው ነው። እስክጨርስ በአክብሮት ሰማኝ። «እናቴ፣ ጋሽ ሙሉን ሊያስፈቱ አስበው ነው አይደል? ደግ ሰው መሆንዎን ነግረውኛል። እንዲህ ያለ ቃል ግን ያስጠይቃል» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። ከጎኑ ያለው ፖሊስ ሳቀ። «እርስዎ? በሳይክል?»

አላመኑኝም። አራት ዓመት ሙሉ በደንብ ስለ ደበቅሁት ማንም አላመነኝም።

«እስቲ ይንዱ» አለኝ ሳጅኑ።

ግቢው ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ። ዘመድ ሊጠይቅ የመጣ ሰው በአጥሩ ሥር ተደርድሯል፣ እስረኞቹ ከደጃፋቸው ያያሉ። ነጠላዬን በወገቤ አሰርኩ። ካፖርቱንም ይልበሱት አሉኝ፣ ለበስኩ። መጀመሪያ ጊዜ እግሬ ከፔዳሉ አመለጠኝ፣ የሆነ ሰው አፏጨ። ሁለተኛው ላይ ተነሣሁ። የባንዲራውን እንጨት አንድ ጊዜ ዞርኩ፣ ቁሚ ያለኝ ስላልነበረ ሁለተኛም ዞርኩ። ፉጨቱ ቆመ።

«ሰውየው ይኸውላችሁ» አሉ ጋሽ ሙሉ ከእስረኞቹ መካከል። አንድም ሰው አልሳቀም።

ሳጅኑ ቃሌን ጻፈ። ለጣት አሻራ ቀለም ሲያቀርብልኝ ማንበብ እችላለሁ አልኩት። ፊደል የለየሁት አባቴ ግድግዳ ላይ ከለጠፈው ጋዜጣ ነው፣ ቀስ ብዬ አነበብኩ። «በጨለማ ምክንያት ሰው መሆኑን ሳታውቅ ከአካባቢው ሄዳለች» ይላል። ደግ ሆኖልኝ ነው። ይህ ልክ አይደለም አልኩት። «ታዲያ ምን ልበል?» አለኝ። ሰው መሆኑን አውቃ፣ ቆማ አይታ ሄደች በል አልኩት። ሰርዞ ጻፈ። ፈረምኩ።

ጋሽ ሙሉ ተፈቱ። የእኔ ነገር በተጎጂው ነው፣ ይክሰስ ወይም ይስማማ ብለውኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ጋሽ ሙሉ በራቸው ላይ ናቸው። እንደምን አደሩ አልኩ። ከኋላዬ ያለውን ሰው ሰላም አሉ። ስንወጣ ቦርሳ መፈተሽ ሥራቸው ነው፣ የእኔን ግን በአራት ዓመት አንድ ቀን ከፍተውት አያውቁም። ዛሬ ከፈቱት። ነጠላዬን ዘርግተው አዩ፣ መልሰው አጣጠፉት።

«ሐሙስ ያን ሁሉ ስነግርሽ ታውቂው ነበር?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

ቦርሳዬን ሰጡኝ። በሩን ከፍተው አሳለፉኝ። ከተሰደብኩት ሁሉ ይኸኛው ባሰ።

ስድብም ነበር። «ሳጅን ውዴ» እያሉኝ ነው። ትርንጎ እኔንም አስተምሪኝ ትላለች፣ ስትቀልድ ይሁን ከልቧ እንጃ።

እማዋይሽ ተሽሏት ነገ ትወጣለች። አያ ካሴ አስጠራኝ። ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀምጧል።

«ፍርድ ቤት የምመላለስበት ጊዜ የለኝም፣ ካሳሽንም አልፈልገውም» አለኝ። «ማጭድ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

ሊበን ገጠር ነው የተወለድኩት። እስክዳር ድረስ አጭጃለሁ፣ ከዚያ ወዲህ አልነካሁም አልኩት።

«እንግዲያው ነይ። የእኔ አንዱ በጄሶ ነው፣ ያንቺ ሁለቱም ደኅና ናቸው።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለም። ልጠይቀውም አልደፈርኩም። የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ፣ ዐሥር ቀን ሰጡኝ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ደምበጫ። ወደ ፈረስ ቤት የምትሄደው መኪና እስክትሞላ ቁጭ ብለናል። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው።

ከፍኖተ ሰላም እስከዚህ እማዋይሽ አላናገረችኝም። በመሃላችን አያ ካሴ ተቀመጠ፣ ጄሶው በየጉድባው ከክንዴ ጋር ይጋጫል። ይቅርታ አልኩት አንድ ጊዜ። «መንገዱ ነው» አለ።

እፈራለሁ። ዐሥር ቀን በቂ ላይሆን ይችላል። ወገቤም እንደ ድሮው አይደለም። የመንደሩ ሰው ማን ናት ሲል ምን ብለው ይመልሱለታል? አጫጅ ናት ቢሉ ደስ ይለኛል። እጁን የሰበረችው ናት ቢሉም እውነት ነው።

አሁን ተሳፈርን። መወጣጫው ከፍ ያለ ነው፣ እማዋይሽ በሁለት እጇ ካልያዘች አትችልም። የመድኃኒት ከረጢቷን ወደ እኔ ዘረጋች። «ያዥልኝ» አለችኝ። ከቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። አጠገቧ የነበርኩት እኔ ስለሆንኩ ይሆናል።

ከተቀመጥን ቆየን። ከረጢቱን በግራ እጄ ይዤ በቀኜ እጽፋለሁ። እስካሁን መልሽልኝ አላለችም።