ጽዋው ከራስጌዬ ሲወጣ

የሺዬ፣ የቤቴ ሰላም፣ ነፍስሽን ከአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልኝ። ከተለየሽኝ ክረምቱ አልፎ፣ ዐደዩም ፈክቶ ረገፈ። ቤታችን ደኅና ነው፤ ያፈስ የነበረውን ጣሪያ በአዲስ ሣር ከድኜዋለሁ። ዶሮሽ ግን ከጎረቤታችን ከአዴ ጫልቱ ግቢ መዋል ጀምራ ነበር። ያን ሰሞን የማልጠረጥረው ሰው ስላልነበረ ጫልቱንም ጠርጥሬ ነበር።

ስታርፊ የማርያም ጽዋ በእኛ ቤት ነበር። በሚያዝያው ማኅበር ተቀብለሽ፣ የግንቦቱን ሳትደግሺ ተኛሽ። ጽዋው በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ከራስጌዬ ቀረ።

ሬሳሽ ከቤት ሳይወጣ ማኅበርተኛሽ ብርቄ ሴቶቹን ማዘዝ ጀመረች፤ አንዷን ለውኃ፣ አንዷን ለንፍሮ። ያኔ ልቤ ሸከከ። እነዚያን ድርቅ ከወሎ ያፈናቀላቸውን ሴቶች በአንድ ማኅበር የሰበሰብሽ አንቺ፤ ለጎጆ መቀለሻ ቦታ ምስለኔው ደጅ የጠናሽላቸው አንቺ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያቸው አንቺ ሆነሽ ሳለ ብርቄ በመቀመጫሽ ልትቀመጥ ነው? ኦሮምኛውንማ ካንቺ አስበልጣ ታውቃለች። ገበያ ስትወጣ «አካም ቡልተ» እያለች እንደ አገሩ ሰው ሰላምታ ስትሰጥ ሁሉን ታስቃለች፤ ሰው ደግሞ በሳቅ ይወሰዳል።

ከዚያ ሴቶቹ ተራ በተራ ይመጡ ጀመር፤ አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ ሌላዋ እሳት ልትጭር። ዓይናቸው ግን ጽዋው ላይ ነው። በመጨረሻ ብርቄ ራሷ መጥታ «ጋሼ ታደለ፣ ያ ነገር እንዴት ይሁን?» አለችኝ።

«የጽዋው ባለቤት ስትመጣ ጠይቂያት» አልኋት።

ደንግጣ ወጣች። እኔም ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በሩን በገመድ ጠፍሬ ማሰር ጀመርኩ። በቅዳሴው መካከል ሐሳቤ ከገመዱ ጋር ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር እንደገባ አዴ ጫልቱ ዶሮሽን ታቅፋ መጣች። እንደምታውቂው የወንጌል ሰው ናት፤ ጽዋ አትጠጣም። «አባ ታደለ፣ የእናንተን ሥርዓት እኔ አላውቅም» አለችኝ። «ብርቄ ግን እኔ ቤት እየመጣች ታለቅሳለች። ጽዋው ሳይደገስበት ከቤት አይወጣም አሉ። ሴቶቹ መሰብሰብ ትተው ተበተኑ፤ አዲስ የመጣችዋ አራስ እንኳ ጠያቂ አጣች። ወንድ ብቻህን ነህና ደግስ ማለት አፈረችህ።»

ይህንን ሥርዓት እኔ ጠፍቶኝ ነው? ስንት ዓመት ስትደግሺ አይቻለሁ። ሊወስዱብኝ የመጡ መስሎኝ እንጂ፣ እንድደግስ የሚጠብቁ መሆናቸውን ልቤ አላሰበውም። ያም ሆኖ «የብርቄ ዘዴ ይሆን?» ማለቴ አልቀረም።

ለኅዳር ጽዮን ደገስኩ። ጾም ስለሆነ ሽሮና ንፍሮ በቃኝ፤ ጠላውን ግን ጌሾ አብዝቼበት እንደ ኮሶ መረረ። አንዲትም ሴት ፊቷን አላጨማደደችም። ብርቄ ጭራሽ «ጋሼ፣ ይድገሙኝ» አለች። ልታፌዝብኝ ነው ብዬ ቀና ብዬ አየኋት፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሙሴነቱን ለእርሷ ሰጧት። ትቀመጪበት ከነበረው ዱካ ላይ ግን አልተቀመጠችም፤ ጽዋውን አስቀመጠችበት። ተራሽንም ለእኔ አቆዩልኝ።

ጽዋውን ታቅፋ ስትወጣ ከደጅ ቆሜ ሸኘኋት። ለካ የፈራሁት ሌላ ኖሯል፤ እርሱ ከወጣ አንቺም ተከትለሽው የምትወጪ መስሎኝ። አልወጣሽም፣ የሺዬ። በገመዱ አሁን ዶሮሽን አስሬበታለሁ። ተራሽ ዞሮ በመጣ ቁጥር፣ እስትንፋሴ እስካለ፣ በስምሽ እደግሳለሁ፤ ጌሾውን ግን አሳንሳለሁ።