የአባባ ሞተር፣ የጋሽ ኑሪ ስም

ጥቅምት 3 ቀን 2017፣ እሁድ

ዛሬ ዕቃ ቤቱን ማጽዳት ጀመርን። እማዬ ልታከራየው ነው። "ባዶ ክፍል ይዘን ምን እንሠራለን?" አለች። ልክ ናት። አባባ ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ ዕቃው ግን እንደተወው ነው። መሰላሉ፣ የራስ ቆቡ፣ ጥቅል ጥቅል የስልክ ሽቦ... ዕድሜውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲዘረጋ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይኖረዋል?

ጥጉ ላይ ሞተሯ። ሸራውን ስገልጠው አቧራው አስነጠሰኝ። ቀዩ ቀለም አሁንም አለ።

አስራ አንድ ዓመት ቆማለች። አባባ በወደቀባት ቀን ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ የነዳጅ መስጫው ተነክሶ አልመለስ አለው፤ ፍጥነቷ አልቀነሰም። ቦይ ውስጥ ገባ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ከዚያ ወዲህ ያለ ከዘራ አልሄደም፣ ሥራም አልተመለሰም። ከአደጋው በፊት በዚያው ሳምንት ሞተሯን የሠራለት ጋሽ ኑሪ ነበር። የልብ ጓደኛው። "ኑሪ ነው የሰበረኝ" ይል ነበር አባባ። ለጎረቤት፣ ለዕድሩ፣ ለሐኪሙ ሳይቀር። ጋሽ ኑሪ ለቅሶም አልመጣም።

ሆስፒታል ተኝቶ ያለኝ ትዝ አለኝ። "ሞተሯ ያንቺ ናት። ለሰው አትስጪ። ራስሽ ክፈቻት።" ያኔ መድኃኒቱ ነው የሚያስለፈልፈው ብዬ ነበር።

ልሞክራት እንዴ? ቀለም ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጠብታ ስለካ የምውል ሰው፣ ካቻቢቴ መያዝ ያቅተኛል?

ጥቅምት 5፣ ማክሰኞ

ቆራሌው በራችን ላይ ሲጮህ እማዬ ጠራችው። ሞተሯን አይቶ ዓይኑ በራ። አይሆንም አልኩ። እማዬ ወደ ቤት ገባች።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ታንኩን አጠብኩ። የቆየው ቤንዚን እንደ ሬንጅ ጠቁሯል። አዲስ ቤንዚን ጨመርኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ባትሪ ገዛሁ። መርገጫዋን ስረግጥ ዋልኩ። ትንፍሽ የለም።

ባቡሩ መጨረሻ ጋ ያለው መካኒክ ደበላ መጥቶ አያት። ጎንበስ ብሎ አሸተተ።

"ካርቡሬተሩ ነው። ደርቋል። ቤንዚኑና አየሩ የሚቀላቀሉበት እሱ ነው፤ እሱ ካልሠራ ምን ብትረግጪ ዋጋ የለውም።"

"ሥራልኛ።"

"እኔ የባጃጅ ነኝ እህቴ። ይሄን አሮጌ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው የቀረው። ሳሪስ አቦ፣ ጋሽ ኑሪ።"

ሌላ ሰው ጠፍቶ!

ጥቅምት 13፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ ሳሪስ ወረድኩ። አየሁት። ድሮ ትልቅ ጋራዥ ነበረው፤ አሁን አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ያገለገለ መለዋወጫ ይሸጣል። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። መንገዱን ተሻገርኩና በወዲያኛው ጠርዝ አለፍኩ። ምን ብዬ ልጀምር?

ጥቅምት 17፣ እሁድ

ሄድኩ።

ገና ሲያየኝ "የሰይፈሥላሴ ልጅ" አለ። ተቀመጪ አላለኝም።

"እምነት ነኝ፣ ጋሽ ኑሪ። ሞተሯን ላስነሳት ፈልጌ... ካርቡሬተሩን እንዲያዩልኝ ነበር።"

"ያቺን ሞተር አልነካም። አንዴ ነክቼ ያገኘሁትን አግኝቻለሁ።"

ይቅርታ ብዬ ዞርኩ። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ጠራኝ። ፊቱን ግን አላዞረም፣ ብሎን እየለየ ነበር።

"ስትፈቺ በየደረጃው ፎቶ አንሺ። አለበለዚያ መመለሻው ይጠፋሻል።"

ጥቅምት 24፣ እሁድ

ቤንዚን የነካ እጄን ሳልታጠብ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ካርቡሬተሩን ፈታሁት። ከታች ያለችው የቤንዚን ማጠራቀሚያ ሳህን ውስጡ እንደ ደረቀ ማር ሆኗል። በቲነር ዘፈዘፍኩት። ቤንዚን የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ከመርፌ ዓይን ያነሱ ናቸው፤ ከብረት ብሩሽ አንዲት ቀጭን ሽቦ ነቅዬ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ብርሃን በነሱ ሲያልፍ ሳይ ደስ አለኝ። ሙያ አይደለም እንዴ ይሄ?

ከዚያ የላይኛውን ከፈትኩ። ነዳጅ ስንሰጥ የምትወጣ፣ ስንለቅ የምትወርድ ክብ ብረት አለች። መሀሏ ላይ ረጅም መርፌ ተሰክቷል። በስልኬ ባየሁት ቪዲዮ ላይ መርፌውን የሚይዘው አንዲት ጥፍር የምታህል ቅንጥብ ናት። እኔ ያገኘሁት ግን ቅንጥብ አይደለም።

ሽቦ ነው። የስልክ መዳብ ሽቦ። ሦስት ጊዜ ተጠምዝዞ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ።

ያን አስተሳሰር አውቀዋለሁ። የግቢውን በር፣ የድስቱን እጀታ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን... አባባ ሁሉንም እንዲህ ነበር የሚያስረው። ሦስት ጥምዝ፣ አንድ እጥፋት።

አንደኛው ጫፍ ግን ተፈቶ ወደ ጎን ወጥቷል። ብረቷ የምትንሸራተትበት ግድግዳ ላይ ጭረት አለ። ጥልቅ ጭረት። ሽቦው እዚያ ነው የተሰነቀረው። ብረቷ ወጥታ አልወርድ ያለችው፣ ነዳጁ ተነክሶ የቀረው...

ጋሽ ኑሪ አልነበረም።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ሥራ ላይ ሁለት ናሙና አበላሸሁ። ምናልባት ጋሽ ኑሪ ይሆን በዚያ ሽቦ ያሰረው? እያልኩ ራሴን ለማሳመን ሞከርኩ። መለዋወጫ የሞላው ጋራዥ ያለው ሰው በስልክ ሽቦ ያስራል? ደግሞስ ያ አስተሳሰር... ፊርማ እኮ ነው።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ሽቦዋን ለእማዬ አሳየኋት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። አየቻትና መላጡን ቀጠለች።

"አውቃለሁ" አለች።

ቀስ እያለች ነገረችኝ። ጋሽ ኑሪ ሠርቶ ከመለሰለት በማግስቱ፣ አባባ "ጉልበት አነሳት" ብሎ ራሱ ከፈታት። ትንሿ ቅንጥብ እዚሁ ግቢ ሣር ውስጥ ወደቀችበት። ፈልጎ ፈልጎ አጣት። ሽቦ ቆረጠ። አደጋው ሲደርስ "ኑሪ ነው" ብሎ ጮኸ። ሽቦው ትዝ ያለው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ ተናግሯል።

"አንድ ቀን ሊነግረው ጫማውን አድርጎ ወጣ። ከበራችን አላለፈም። ተመልሶ ጫማውን አወለቀ።"

"አንቺስ እማዬ? ከእትዬ ዙለይኻ ጋር በርበሬ እንኳ አብራችሁ ነበር የምታስፈጩት። አባባ የባሏን ስም ሲያጠፋ ዝም አልሽ?"

ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ሙት ወቃሽ አትሁኚ" ብላ ወደ ውስጥ ገባች።

"ራስሽ ክፈቻት" ያለኝ ለዚህ ነበር? ለኔ ትቶልኝ ሄደ ማለት ነው? አባባ... ከበድክብኝ።

ኅዳር 1፣ እሁድ

ካርቡሬተሩን በጨርቅ ጠቅልዬ ሳሪስ ሄድኩ። ሽቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

መነጽሩን አደረገ። አገላበጣት። ጭረቱን በጣቱ ዳሰሰው። ደጋግሞ።

"ይሄ የኔ እጅ አይደለም" አለ።

"አውቃለሁ ጋሽ ኑሪ። የአባባ ነው።"

ያለቅሳል ብዬ ነበር። አላለቀሰም። ይሳደባል ብዬ ነበር። አልተሳደበም። ወንበር ስቦልኝ ራሱም ተቀመጠ።

"ደንበኛ መጥፋቱን ቻልኩት" አለ። "ጋራዡ መዘጋቱንም ቻልኩት። ያልቻልኩት ሌላ ነው። እኔ ራሴን ጠርጥሬያለሁ፣ ልጄ። ያቺን ቅንጥብ አስገብቻለሁ? ወይስ ረስቻለሁ? ስሰግድ እንኳ ይመጣብኛል። አስገብቻለሁ እላለሁ... ደግሞ የሰይፈሥላሴ እግር ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ የሰው ሞተር ስፈታ እጄ እሺ አላለኝም። ለዚህ ነው መለዋወጫ ሻጭ የሆንኩት።"

አስራ አንድ ዓመት። ሰው ራሱን እንዲህ...

ተነስቶ ከአንድ የጣሳ ክዳን ውስጥ ቅንጥብ ፈልጎ አወጣ። ጭረቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። መርፌውን ሰካ፣ ቅንጥቧን አስገባ፣ ጠቅ አለች። እንድነካት ሰጠኝ። "አየሽ? ገብታለች።" ሦስት ጊዜ አስነካኝ።

ኅዳር 8፣ እሁድ

ተነሳች!

ጋሽ ኑሪ ቤታችን አልመጣም አለ። አልፈረድኩበትም። "ደውዪልኝና ስልኩን አጠገቧ አድርጊው፣ ድምጿን ልስማ" አለኝ። ስምንት ጊዜ ረገጥኩ። በዘጠነኛው አሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ያዘች። ስልኩን አስጠጋሁ።

"ቤንዚን በዛባት። ያቺን የጎን ብሎን ግማሽ ዙር ወደ ግራ... ቆይ... ትንሽ መልሺ... በቃ! እንዳትነኪያት!"

ድምጿ ረጋ። ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ ነበር፤ ትንፋሹን ሰማሁ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዞር ስል ገባች።

መንጃ ፈቃድ ስለሌለኝ ከግቢ አልወጣሁም። ለትምህርቱ ግን ልመዘገብ ነው።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ሞተሯ ተሠራች። አለቀ እንዴ? ነገሩ የሞተር አልነበረም። አባባ ጋሽ ኑሪን የከሰሰው በዕድሩ ፊት ነው። እኔ ግን የነገርኩት በአንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ፣ ለራሱ ብቻ።

ለእማዬ በሚመጣው የዕድሩ ስብሰባ ላይ እናገራለሁ አልኳት። "አባትሽን ሁለተኛ ልትቀብሪው ነው" አለች።

ታኅሣሥ 6፣ እሁድ

የዕድሩ ስብሰባ። ስለ ድንኳኑ መቀደድ አንድ ሰዓት ተወራ። መጨረሻ ላይ እጄን አወጣሁ። ወንበር ይዤ ቆምኩ።

"ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" አልኩ። "በሕይወት ያለ ሰው ግን አለ። አባቴ እዚሁ ቆሞ ጋሽ ኑሪ ሞተሬን አበላሽቶ ሰበረኝ ብሏል። አላበላሹም። ሞተሯን ኋላ የከፈታት አባቴ ራሱ ነው። በሽቦ ያሰረውን እኔው አግኝቼዋለሁ።"

የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ወልደየሱስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ ሰይፈሥላሴ እኮ የተከበረ ሰው ነበር።"

"ጋሽ ኑሪም ነበሩ" አልኩ።

ከኋላ ጋሽ ዱሬሳ በቀስታ ተነሱ። "እኔ ሞተሬን ከኑሪ ጋራዥ በዚያው ሳምንት ነው ያወጣሁት። ምን ሆነ ብዬ እንኳ አልጠየቅኩትም።" ተቀመጡ።

እማዬ ከመጨረሻው ረድፍ ነበረች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባለች። ብቻዋን ወጣች።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ

እማዬ አታናግረኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትሄዳለች።

ታኅሣሥ 9፣ ረቡዕ

ጋሽ ኑሪ ደወለ። ተቆጥቷል።

"ማን ላከሽ? ዱሬሳ ሱቄ መጥቶ አለቀሰብኝ። ሽማግሌ ሰው! ምን ልበለው?"

"እውነቱ ይታወቅ ብዬ ነው..."

"እኔ የፈለግኩት ከአባትሽ አፍ ነበር። ካንቺ አይደለም፣ ከሱ።" ቆይቶ፣ ቀዝቀዝ ብሎ፣ "አንቺ ምን ታደርጊ" አለኝና ዘጋው።

ልክ ነው። ያን እኔ ልሰጠው አልችልም። ለማን ብዬ ነው የተናገርኩት? ለሱ? ወይስ ለራሴ እንዲቀለኝ? አላውቅም። አልተጸጸትኩም ግን።

ታኅሣሥ 13፣ እሁድ

ከቤተክርስቲያን መልስ እማዬ ልብሷን አልቀየረችም። በፌስታል አንድ ነገር ቋጠረች። በርበሬ ይመስለኛል፤ ሸተተኝ።

"ወዴት ነው?"

"ሳሪስ።" ከሰባት ቀን በኋላ የተናገረችኝ የመጀመሪያ ቃል።

"አብሬሽ ልምጣ?"

"አንቺ የድርሻሽን ተናግረሻል። የኔ ደግሞ ገና ነው።" በሩ ላይ ትንሽ ቆመች። የምትመለስ መሰለኝ። ወጣች። እስከ ታክሲው በዓይኔ ሸኘኋት።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ድምጿ ጠፋ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደወልኩ። ያነሳችው እትዬ ዙለይኻ ናት።

"እናትሽ እጇን እየታጠበች ነው" አለችኝ። "መጀመሪያ አላስገባኋትም። እውነቱን ልንገርሽ፣ በሩን ዘግቼባት ነበር። ደጅ ተቀምጣ አለቀሰች። ኑሪ ነው የከፈተላት።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ ተጣልተን ጨርሰናል። ራት ሳትበላ አትመጣም፣ አትጠብቂያት።"

ከወዲያ እማዬ የሆነ ነገር ስትል ይሰማኛል። ምን እንደሆነ አልያዝኩትም፤ ድምጿ ግን ከፍ ያለ ነበር፣ እንደ ድሮው።

ሽሮውን ራሴ አሞቅኩ። ብቻዬን በላሁ።