ዜሮ ተብሎ ለተጻፈው ድምፅህ

አባዬ፣

ከሄድክ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በሰው ፊት "አንቱ" እንድልህ ታዝዘኝ ነበር፤ ቤት ስንገባ ግን "አንተ" ስልህ ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ። አሁን ከእኔና ከአንተ በቀር የሚሰማን ስለሌለ "አንተ" ብዬ ልቀጥል። ፊደል ከገደፍኩ እዚያው ሆነህ አርመው። ስምንተኛ ክፍልን ለምን እንዳልጨረስኩ የምናውቀው እኔ፣ አንተና ዳይሬክተሩ ብቻ ነን፤ አንተ አፈር ለበስክ፣ ዳይሬክተሩ ተዛወረ፣ ስለዚህ አሁን የምፈልገውን እያወራሁ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ቦራዋ ላም ወለደች። ጥጃው ሥራ ሳይሠራ መጮህ ስለሚወድ "ሊቀመንበር" የሚል ስም ባወጣለት እማዬ በዘነዘና አባረረችኝ። ክረምቱ የጓዳውን ግድግዳ ጥሎት ጭቃውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ያየው ሁሉ ጠማማ ነው አለኝ። ቀጥ ብሏል ያሉት አንተን የቀበረው የመንደሩ እድር፣ የቅሬያችን ዳኛ አያ ሰይድ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ዓይናቸው ደክሟል።

ትልቁ ወሬ ግን ምርጫ መምጣቱ ነው። የገዢዎቹ ምልክት መሰላሉ አለ፣ ከስንት ዘመን በኋላ የተቃዋሚዎቹ ቁልፍም ተመልሷል። ስትሰማ ከመቃብርህ ተነሥተህ ካርድ ልታወጣ እንደምትመጣ አልጠራጠርም።

ይኼ የእኛ የምርጫ ክልል ምን ዓይነት ጉድ እንደሆነ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ቆላው ወዲያ ይጎትታል፣ ደጋው ወዲህ ይጎትታል፣ የመካነ ሰላም ከተማ ሰው መሀል ላይ ሆኖ ነፋሱን ያያል። "አንዲት መንደር ፊቷን ካዞረች ወንበሩ ባለቤት ይቀይራል" ትል ነበር። ለዚህም ነው ሌላው ሰው በሩ ላይ መስቀል ሲሥል፣ አንተ በራችን ላይ በውስጥ በኩል የጣቢያችንን ውጤት በየምርጫው በእስክሪብቶ የጻፍከው።

የመጀመሪያው መስመር እስካሁን ያስቀኛል። "አንድ ተወዳዳሪ ቀረበ፤ አሸነፈ። ከማን ጋር እንደታገለ አልተነገረንም" ይላል።

ሁለተኛው ያ ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሥቶ ወንዙ ድረስ የወረደበት ምርጫ ነው። እኔ በእማዬ ጀርባ ታዝዬ "መረጥኩ" አሉ። አንተ የሕዝብ ታዛቢ ነበርክ። ቁልፉ በእኛ ጣቢያ አሸነፈ፣ በምርጫ ክልሉ ግን ለጥቂት ተሸነፈ። ያበላሸንም ይሉኝታችን ነው። የመሰላሉ ተወዳዳሪ የእማማ አትጠገብ የክርስትና ልጅ፣ የቁልፉ ደግሞ የወንድማቸው ልጅ ነበር። እማማ ምን አደረጉ? ሁለቱም ላይ ምልክት አደረጉ! "ሁለቱም ቤቴ የበሉ ልጆች ናቸው፤ ለአንዱ አድልቼ ነገ በየትኛው ፊቴ እቤታቸው ለቅሶ እደርሳለሁ?" አሉህ። እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ምን ነበረበት፤ ግማሹ መንደር እንደሳቸው ጨዋ ሆኖ ተገኘ። ከእኛ ጣቢያ የተበላሸው ወረቀት ብቻ ቁልፉ ከተሸነፈበት ልዩነት ይበልጥ ነበር። በሩ ላይ "በጨዋነት ተሸነፍን" ብለህ ጻፍክ።

ሦስተኛው መስመር ላይ አልስቅም።

ታዛቢነቱን ነጥቀውህ እንደማንም ሰው መርጠህ ወጣህ። ውጤቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲለጠፍ እጅህን ይዤ አብሬህ ነበርኩ። ቁልፍ፦ ዜሮ። አንተ ያን ቀለም የነካች ጣትህን ወደ ላይ አንሥተህ፣ "ታዲያ ይቺ ጣት ምን ስትሠራ ዋለች?" ብለህ ጠየቅህ። የሳቀ የለም። ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። ቤት ስንገባ "ዜሮ። እኔ ግን መርጫለሁ" ብለህ ጻፍክ።

መካነ ሰላም ስንት ጊዜ ተመላለስክ! ማመልከቻህን እየተቀበሉ "ነገ ና" አሉህ። ግን አንተን የጎዳህ እሱ አልነበረም። "ወረቀቱን የሰረቀው ሌባ ነው፣ ሌባ ሥራው ነው። ጎረቤቴ ግን አንድ እንኳ ከጎኔ አልቆመም፤ ብቻዬን ነበርኩ" ትል ነበር። እማዬን "አንቺስ ማንን መረጥሽ?" ስትላት "መሰላሉን" ብትልህ ሁለት ሳምንት አኮረፍካት። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር መቀለድ ተውክ። ቀልዱን ሁሉ ለእኔ አወረስከኝ፣ ይኸው አገር እያስመረርኩበት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት መስመሮችህ አጫጭር ናቸው። ቁልፉ አልቀረበም፣ መሰላሉ ብቻውን ወጣ። ባለፈው ግን አንድ ነገር አድርጌ ነበር፣ ዛሬ ልናዘዝ። የመሰላሉ ሰዎች ለቅስቀሳ የመጡ ዕለት የመንደሩን መሰላል ሁሉ ለቅሜ ገደሉ ሥር የደበቅሁት እኔ ነኝ። ጨርቃቸውን የሚሰቅሉበት መሰላል አጥተው አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ሲወጣጡ አብረን አየን። አንተ ማን እንደሠራው አልጠየቅህም፤ ብቻ ከዓመታት በኋላ ጥርስህ ታየ። ያቺ ጥርስ ትበቃኛለች።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። የቀበሌው ሊቀመንበር (ጥጃውን ሳይሆን ሰውዬውን ነው) ከእማዬ ዘንድ መጥቶ፣ "ያ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ለዚህ ጊዜ ጥሩ አይደለም፣ በመላጊያ አስልጊው" አላት። እማዬ እሺ ብላ አናጺ ልትጠራ ስትነሣ ደሜ ፈላ። "በሩ ከሚላግ እኔ ልላግ!" ብዬ በሩ ሥር ተኛሁ። ተራምዳኝ አለፈች፣ አናጺ ግን አልጠራችም። የፈራችው ሰውዬውን መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ቅሬው ወይራው ሥር ተሰብስቦ የሕዝብ ታዛቢ ሊመርጥ ሆነ። አያ ሰይድ ተነሥተው "በሟቹ ቦታ ልጁ ይሁን" አሉ። ወላሂ፣ ያን ያህል ሰው በአንዴ ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ልማድ ነዋ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም።

"መሰላል የደበቀ ልጅ ነገ ድምፅ አይደብቅም?" አለ።

ሳቁ ቆመ። ለካ ሁሉም ያውቅ ኖሯል። ተነሣሁ።

"መሰላሉን ደብቄያለሁ" አልኩ። "በማግስቱ ግን ለየባለቤቱ መልሻለሁ። የአባቴን ድምፅ የደበቀው ሰው ይኸው እስካሁን አልመለሰም።"

ሊቀመንበሩ "ያለፈ ነገር ነው፣ ማስረጃም የለው" ሲል አያ ሰይድ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉት። አውጫጭኝ መቼም አትረሳውም፤ በሬ ሲሰረቅ አገሩ ተቀምጦ፣ እየማለ፣ እያንዳንዱ ያወቀውን የሚያወጣበት። "በሬ ሲጠፋ አውጫጭኝ እንቀመጣለን" አሉ። "የሰው ድምፅ ከበሬ ያንሳል እንዴ?" ሊቀመንበሩ ድምፅ ምስጢር ነው፣ ሕግ ይከለክላል ብሎ ጮኸ። "ምስጢሩ የሰጪው ነው። የማንንም አንጠይቅም፤ የራሱን ማውጣት የፈለገ ያውጣ፣ ያልፈለገ ይቀመጥ" አሉትና መጀመሪያ ራሳቸው ማሉ። "ያን ቀን የመረጥኩት ቁልፉን ነው። ዜሮ ሲባል ጫማቸውን ካዩት አንዱ እኔ ነኝ።"

አባዬ፣ እኔ ከእሳቸው ሌላ ሰው ይነሣል ብዬ አልጠበቅሁም። ወፍጮ ቤት ያለው ተነሣ። መሪጌታ ተነሡ። ማዳበሪያ እንዳይከለከል ፈርቶ ዝም ማለቱን እየተናገረ ያለቀሰም አለ። እማማ አትጠገብ እንኳ በምርኩዝ ተነሥተው "ያን ጊዜስ አንዱ ላይ ብቻ ነው ያደረግሁት፣ ሟቹ አስተምሮኝ" አሉ። በመጨረሻ ከሴቶቹ መሀል አንዲት ነጠላዋን ያጣፋች ተነሣች። እማዬ ነበረች።

"እኔም ቁልፉን ነው የመረጥኩ" አለች። "ለሟቹ ግን መሰላሉን ነው አልኩት። የእኔንም ስም ማመልከቻው ላይ ጽፎ ሁለታችንም ብንታሠር ልጆቹን ማን ያሳድጋል ብዬ። በሩ ይላግ ያልኩትም ያን መስመር ባየሁ ቁጥር ውሸቴ ስለሚታየኝ ነው።"

ሰማኸኝ አባዬ? ብቻህን አልነበርክም። ያ ሁሉ ሰው ካንተ ጋር ነበር፣ ያኮረፍካት ሴትም ከጎንህ ነበረች። ይኼን ሳትሰማ መሄድህ ያናድደኛል። ትንሽ ብትቆይ ምን ነበረበት? አንተ ግን ለሁሉም ነገር ቀድመህ ነው የምትሰለፈው።

ታዛቢነቱን እጅ አውጥተው ሰጡኝ። ሊቀመንበሩ "እናያለን" ብሎኝ ሄደ። "ለማየት አይደል እንዴ የተመረጥኩት!" ብዬ ከኋላው ጮህኩ። ማታውን አያ ሰይድ "ምላስህን ሰብሰብ አድርግ፣ ዘንድሮ ዓይንህን ነው የምንፈልገው" ብለው መከሩኝ። እሞክራለሁ። ሰሞኑን በየቤቱ እየዞርኩ አንድ ምልክት ብቻ እንዲያደርጉ እያስተማርኩ ነው። እማማ አትጠገብ ዛሬም "ሁለቱም ዘመዶቼ ቢሆኑሳ?" ይሉኛል። "አንዱን በወረቀቱ ይምረጡት፣ ሌላውን ምሳ ይጋብዙት" አልኳቸው። ገባቸው መሰለኝ።

መሰላሉም በእውነት ካሸነፈ አሸነፈ ብዬ እፈርማለሁ፣ አንተም እንደዚያ ታደርግ ነበር። ሰው የሰጠው ድምፅ ዜሮ ተብሎ ከተለጠፈ ግን ከዚያች ትምህርት ቤት በር የሚያነሣኝ የለም፤ ቢያስሩኝም ቢያባርሩኝም ተመልሼ እቆማለሁ። የአንተን ስም ጠርቼ እጠይቃለሁ፣ መልስ እስኪሰጡኝ እጠይቃለሁ። ይኼን ቃሌን እንደ ሌላው ቃሌ አትየው።

ትናንት እማዬን ዘንድሮስ ማንን ነው የምትመርጪ አልኳት።

"ምን አገባህ? ታዛቢ አይደለህ!" አለችኝ።

ያስቸገረህ ልጅህ
ይርጋ