ቀስ በቀስት

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሠራሁት ስድስት ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ሁለት የጥርስ ድልድይ፣ አንድ ሙሉ የላይ ጥርስ። ሙሉውን ዶክተሩ መልሶ ላከው። ታካሚዋ "ፈረስ አስመሰለኝ" ብላ። ፎቶዋን አየሁት… ጥፋቱ የጥርሱ ብቻ አይደለም። ምን አገባኝ፣ ሰም አቅልጬ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

ቤት ስገባ ባሌ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ክፍት፣ ድምፁ ዝግ።

"ፊዚዮቴራፒ ሄድክ?"

"ነገ እሄዳለሁ።"

"ትናንትም ነገ ነበር ያልከው።"

"ግድ የለም፣ አታስቢ።"

ግድ የለም! ከሰኔ ወዲህ በዚህ ቤት ግድ ያለው ነገር ጠፋ። መኪናዋን ስነዳ የነበርኩት እኔ። ከግንብ ጋር ያላተምኳት እኔ። የተሰበረው የእሱ ትከሻ። እኔ? አንዲት ጭረት የለችብኝም። ቡናማ ውሻ ገባብን አልን፣ ትራፊክ ፖሊሱ ጻፈው፣ አለቀ። አንድ ቀን እንኳ "አንቺ ነሽ" ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝ ምን ነበረበት?

ጥቅምት 9

ዛሬ እሑድ። ድሮ ቢሆን በጠዋት ተነስቶ ከጓደኞቹ ጋር በቀስት ዒላማ ሊመታ ይሄድ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እሑድን አልሰጠኝም፤ በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። አሁን እሑድን ሙሉውን ሰጠኝ… ምን ላድርገው?

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አንድ ቀን ነግራኛለች። ቀለል ያለ ደጋን ቢያገኝ፣ በአሥር ኪሎ ጉልበት የሚሳብ፣ ለትከሻው መድኃኒት ነው አለች። ቁም ሳጥኑ ላይ ያለው የፋብሪካ ደጋኑ የዚያ እጥፍ ነው። "ቀላል ልግዛልህ?" ስለው "ይቅር፣ የልጅ መጫወቻ ነው" አለ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በስልኬ ስፈልግ ስፈልግ ደጋን በእጃቸው ከእንጨት የሚሠሩ ሰዎች ቡድን ውስጥ ገባሁ። ስሙ "ቀስ በቀስት"። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አስተማሪያቸው "አያ ዝግታ" የሚባል ሰው ነው። ፊቱን ማንም አያውቀውም፣ እጆቹን ብቻ ነው የሚያሳየው። ጻፍኩላቸው። "ጥርስ ሠራተኛ ነኝ፤ እንጨት ነክቼ አላውቅም፤ ይሆንልኛል?" በአሥር ደቂቃ አርባ አንድ ሰው "እንኳን ደህና መጣሽ!" አለኝ። አርባ አንድ! የገዛ እህቴ እንኳ ለመልእክቴ በሳምንቷ ነው የምትመልሰው።

እሠራለታለሁ። እኔው ሰብሬ እኔው ካልጠገንኩ እንቅልፍ የለኝም።

ጥቅምት 12

አናጢው ዘንድ ሄድኩ። መስመሩ ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ያለ ጣውላ ስጠኝ አልኩት።

"ለምን ይሆን፣ እህቴ?"

"ለደጋን።"

"ጥጥ ልትነድፊ ነው?"

"አይ፣ ለማነጣጠር።"

"ማንን?"

"ገና አልወሰንኩም።"

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጣውላውን ግን መርጦ ሰጠኝ።

ጥቅምት 26

ሁለት ሳምንት በረንዳ ላይ ስፍቅ ከረምኩ። አያ ዝግታ ገና ከመጀመሪያው አስጠንቅቆኛል። "አደራ፣ ጀርባውን እንዳትነኪው። የምትፍቂው ከሆዱ በኩል ብቻ ነው።" እሺ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ ሆዱን ፋቅሁ ፋቅሁ…

ዛሬ ገመድ አስሬ ሳብ ሳደርገው ቋ! ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ መታው።

ተናድጄ ፎቶውን ለቡድኑ ላክሁት። "እንኳን ደስ አለሽ! የመጀመሪያሽን ሰበርሽ!" ፊኛ፣ ርችት፣ ጭብጨባ። አንዷ ደግሞ የኬክ ሥዕል። እኔ እዚህ ቆሽቴ አርሮ እነሱ ኬክ! ኧረ በሕግ!

ባሌ ወጣና በግራ እጁ ስብርባሪውን ለቃቀመልኝ። ያው "ግድ የለም፣ ሌላ ትሠሪያለሽ" አለ።

ኅዳር 3

የእንጨት ብናኝ የባሌ ሻይ ውስጥ ገባ። አየው። ጠጣው።

ሰው እንዴት ይጠጣዋል? ብርጭቆውን ወርውሮብኝ ቢሆን ኖሮ እኮ ደስ ይለኝ ነበር።

ኅዳር 17

ሁለተኛውም ሄደ። ያው ቋ! ያው ቦታ። ልቤ ውልቅ አለ።

ሃያ ዓመት በሰም የሠራ እጅ ነው ያለኝ። ሰም ላይ ብትሳሳት ትጨምርበታለህ፣ ታሞቀዋለህ፣ ይቅር ይልሃል። እንጨት ከላዩ ያነሳኸውን መልሶ አይቀበልህም። አንዴ በዛ፣ በዛ። ይህን ለባልደረባዬ ነገርኳት። አፏ ስለማያርፍ "ወፍጮ" ነው የምንላት። "አንቺ ደግሞ፣ ከገበያ ገዝተሽ አትገላገይም?" አለች። እሷ ምን ታውቃለች።

ለቡድኑ ጻፍኩ። "ሁለተኛዬን ሰበርኩ። ጎበዝ እንዳትሉኝ። እባካችሁ አንድ ሰው ይሳደብ!"

ሃያ ዘጠኝ ሰው የልብ ምልክት ላከልኝ። አንዱ "ይህ ግልጽነትሽ ደስ ይላል" አለኝ። ወይ ጣጣዬ! የት ሄጄ ልሰደብ?

ኅዳር 19

ጉድ ነው የዛሬው።

አያ ዝግታ ቡድኑ ላይ መልእክት ላከ። "ልጄ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት አሰባበር ነው የተሰበሩት። እስቲ ሆዱ ላይ ምልክት አድርገሽ ፎቶ ላኪልኝ።" በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ላክሁ።

 ከሰዓት በኋላ ድምፁን ቀድቶ ላከ። እየሳቀ ነው።

"ይሄን ለምን ሆድ አልሽው?"

"የተነፋው እሱ ነዋ!" አልኩ። ሆድ የሚነፋ ነገር አይደለም እንዴ? ቦርጭ ወደ ፊት ነው የሚወጣው!

"ልጄ፣ ደጋን ቦርጫም ሰው አይደለም፤ ያጎነበሰ ሰው ነው። ሰው ሲያጎነብስ ጀርባው በየት በኩል ነው?"

ተነስቼ መስታወት ፊት አጎነበስኩ። ጀርባዬ ወደ ውጭ። ሆዴ ወደ ውስጥ። አምስት ሳምንት ሙሉ አደራ አትንኪው የተባልኩትን ስልጥ ከረምኩ!

ቡድኑ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ። ሰባት ሰው ግን "እኔም እንዲሁ ነበር የመሰለኝ" ብሎ ጻፈ። ከነሱ አንዱ ሦስት ዓመት የሠራ ነው፤ እስከ ዛሬ ያፈረ ይመስለኛል።

ታኅሣሥ 11

ሦስተኛው። ከሆዱ፤ ከእውነተኛው ሆዱ። የአያ ዝግታ ሕግ አንድ ነው። የሚጎብጠውን ተዪው፣ ያልጎበጠውን ፋቂው። አሥር ጊዜ ፋቅ፣ ሠላሳ ጊዜ ሳብ፣ ራቅ ብሎ ማየት። ከዚያ እንደገና። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ በሦስተኛው ዙር ሞረዱን ወርውሬዋለሁ። ሄጄ አነሳሁት።

ባሌ በመስኮት ሲያይ ያዝኩት። "ምንድነው?" አልኩት። "ምንም" አለ። ለእሱ እንደሆነ ነግሬዋለሁ። "ለምን ትለፊያለሽ" ነው መልሱ።

ታኅሣሥ 28

በሻንጣ ሚዛን ሰቅዬ ለካሁት። አሥር ኪሎ ከሩብ! አልተሰበረም! ጮህኩ። ሁለቱም ክንዶቹ እኩል ጎበጡ… እኩል ባይባልም፣ ቀኙ ትንሽ ግትር ነው። እንደኔ።

አሁን የቀረው የመሞከሪያውን የሚተካ እውነተኛ ገመድ ነው።

ጥር 6

ገመድ መሥራት ደጋን ከመሥራት ይብሳል። ሦስት ጊዜ ገመድኩ፣ ሦስት ጊዜ ተፈታ። ቡድኑ "ቀስ በይ"፣ "ትደርሺያለሽ"፣ "አይዞሽ"። አይዞሽ ሰለቸኝ!

ቁም ሳጥኑ ላይ የእሱ ደጋን አለ። ገመዱ ጥሩ ነው። ከሰኔ ወዲህ ቦርሳውን የከፈተው የለም። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ገመዱ ለእኔ ደጋን ይረዝማል፤ አንዱን ጫፍ ቆርጬ ቋጠርኩት። ልክክ አለ።

ምን ችግር አለው? ለሱው አይደል?

ጥር 8



ከሥራ ስገባ ሳሎን መሃል ቆሟል። በግራ እጁ የተቆረጠችውን የገመድ ጫፍ ይዟል።

"ማን ንኪው አለሽ?"

"ለአንተው እኮ ነው…"

"ለእኔ? እኔ መቼ ጠየቅኩሽ? ለራስሽ ነው! እንዲቀልሽ ነው! እሱን እንኳ አታውቂም?"

እንደዚህ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። የጎረቤት መስኮት ተከፈተ።

"ቀስ በል" አልኩት። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ?

"ቀስ አልልም! ሰባት ወር ቀስ አልኩ! ውሻ አልነበረም! ምንም ውሻ አልነበረም! ስልክሽን ነበር የምታዪው። አይቼሻለሁ። መንገዱን እዪ ልልሽ አፌን ስከፍት ነው ግንቡ የመጣው።"

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ።

"ውሻ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ እንዳትከሰሺ ብዬ። አንቺ ደግሞ ምን አልሽ? ቡናማ ነው! ማን ቀለም ጠየቀሽ? ከዚያ ወዲህ ለመጣ ጠያቂ ሁሉ ስለ ቡናማ ውሻ ስታወሪ እሰማለሁ። አንዴ እንኳ… ብቻችንን ሆነን እንኳ…"

አልጨረሰውም። ወደ መኝታ ቤት ገባ። በሩን ወረወረው። ከግድግዳው ሥዕል ወደቀ።

ጥር 9

አልተነጋገርንም።

ጥር 10

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ማንም የማያነበው ደብተር ላይ! ጥቅምት 4ን መልሼ አነበብኩት፤ እዚያም ውሻ ነው።

ውሻ አልነበረም። ዶክተሩ መልእክት ልኮልኝ ነበር። የአንዲት ጥርስ ቀለም ሁለት ቁጥር ይሁን ወይስ ሦስት። ለመመለስ አንገቴን ደፋሁ። ለአንዲት ጥርስ ቀለም።

ተነስቼ ሄድኩና ነገርኩት። ሁሉንም፣ ቀለሙን ጨምሮ። ይቅርታ አልኩት። አለቀስኩ። እሱ አላለቀሰም።

"የትኛውን ቁጥር መለስሽለት?" አለኝ።

"አልደረስኩም።"

 "ተናድጃለሁ" አለ። "በጣም ነው የተናደድኩት። ቶሎም አይለቀኝም።"

"እሺ" አልኩት።

ጥር 21

ቤቱ ሰው የሚኖርበት ቤት ሆነ። ጨው በዛ ይላል። ፎጣዬን ያለ ቦታው ሰቀልሽ ይላል። ዛሬ ሻዩ ውስጥ ብናኝ አገኘና በረንዳ ወጥቶ እያየሁት ደፋው። አንዳንዴ ያነድደኛል፣ እመልስለታለሁ፣ እንጣላለን።

ትናንት ገመዱን እንደ አዲስ ሠራን። እሱ በአንድ እጁ እያሳየ፣ እኔ እየገመድኩ። "ላላ! ጥብቅ አድርጊው! ሃያ ዓመት በጣትሽ እንጀራ በልተሽ ይሄ ያቅትሻል?" በመጨረሻ ያዘ። ቀኙን ክንድ ደግሞ ገና አሥር ፋቅ ይቀረዋል አለ። ልክ ነበር።

ፊዚዮቴራፒ ሄደ። ማንም ሳይነግረው።

የካቲት 2

አያ ዝግታ "ጠፋሽ፣ ምነው?" ብሎ ጻፈልኝ። ምን ልበለው? የቤት ነገር ነው አልኩ። "የቤት ነገር ይቅደም፣ ልጄ" አለ። ሌሎቹ ልብ ላኩ። ዛሬ አላናደዱኝም።

የካቲት 22፣ እሑድ

በጠዋት ቀሰቀሰኝ። ለብሷል። ደጋኑን በጨርቅ ጠቅልሎ በሩ ላይ አስደግፎታል።

"የት ነው?"

"ሜዳ።"

አውቶቡሱ በእሑድ ይዘገያል ስል የመኪናዋን ቁልፍ አልጋው ላይ ጣለው። መኪናዋ ከተጠገነች አራት ወሯ ነው፤ እኔ ነክቻት አላውቅም።

"አልችልም" አልኩት።

"እኔ በአንድ እጅ ልንዳ?"

መሪው ጋ ተቀመጥኩ። ቀበቶዬን አሰርኩ። እሱ አጠገቤ ገባና እጁን ዘረጋልኝ። መጀመሪያ ሊይዘኝ መሰለኝ።

"ስልክሽን" አለ።

ሰጠሁት። ኪሱ ከተተው፣ ዚፑን ዘጋው። ስልኩ መንገዱን ሙሉ ሲጮህ ሄደ። እዚያው ይጩህ።

ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም። ደጋኑን ያዘ፣ ፍላጻውን ሰካ፣ ቆመ። ብዙ ቆየ። ሳበ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ እስከ ደረቱ ብቻ ደረሰ። ለቀቀው። ፍላጻው ሠላሳ እርምጃ ያህል ሄዶ ሣር ውስጥ ወደቀ። እኔ ነኝ የሮጥኩት፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ እኔ ነኝ የጮህኩት። እሱ ደጋኑን ገልብጦ ያያል።

"ይከብዳል" አለ። "ከእጀታው በላይም ይቆረቁራል። ሌላ ሥሪልኝ። ስምንት ኪሎ።"

አራት ወር ሙሉ የፋቅሁት! ጥፍሬ ያለቀበት! ልመልስለት አፌን ከፈትኩ… ሥሪልኝ ነው ያለኝ።

"የእጀታውን ልክ ስጠኝ" አልኩት። መዳፉን ዘረጋልኝ። የምጽፍበት ስላልነበረ በስንዝሬ ለካሁት።