የሰም መስቀልህ

ከባሕር ማዶ በእስር መርከብ ላይ ላለኸው ለውዱ ባለቤቴ፤

ጎረቤታችን እትዬ ሷዚግ ከፋሲካ ወዲህ ጉልበታቸው ተሽሏቸው ምርኩዙን ዶሮ ማባረሪያ አድርገውታል። ልጃቸው መንታ ወልዳለች፤ ሁለቱም እንደ አያታቸው ጩኸታም ናቸው። ያንተስ ሳል እንዴት ነው? የእንግሊዝ እርጥበት ደረትህን አልጎዳውም? እኔ ደኅና ነኝ፤ መማረክህን የሚነግረኝ ደብዳቤህ ማክሰኞ እስኪደርሰኝ ድረስ ግን ባሏ የሞተባት ሴት ነበርኩ።

ከሌላ ሰው ከምትሰማው እኔው ልንገርህ። መርከባችሁ የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ልትማርክ ከወጣች ሁለት ዓመት ሲሞላ፣ ከነሰዎቿ ሰጠመች የሚል ወሬ ከወደብ መጣ። የክርስትና አባትህ ጋሼ ታንጊ መስኮቴን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ዛሬ መስቀሉ እዚህ ቤት ያድራል» አሉኝ። በደሴታችን ወግ ትንሿን የሰም መስቀል በሬሳህ ፈንታ ነጭ ጨርቅ ላይ አስተኝተን አለቀስንልህ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ወስደን፣ ባሕር ካስቀራቸው ሰዎች መስቀሎች ጋር በሣጥኑ ውስጥ አኖርናት። እትዬ ሷዚግ «ሲጨፍር እንዴት ያምርበት ነበር!» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ጀመር። አንተ ደግሞ መቼ ጨፍረህ ታውቃለህ? በዚያ ሐዘን መሀል ሳቅ አመለጠኝ።

መርከቧ የወጣችበት ጠዋት ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም። ሸራዎቿ አንድ በአንድ በነፋስ ሲሞሉ ሴቶቹ ሁሉ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ነበር። «ያንቺው የቱ ነው?» ሲሉኝ፣ «ያ ምሰሶው ጫፍ ላይ ቆቡን የሚያውለበልበው ዝንጀሮ» አልኳቸው። ጥለኸው የሄድከው ሸሚዝ ቅጥራን ቅጥራን ይሸት ነበር። እስካለፈው ክረምት ድረስ አላጠብኩትም።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። ጀልባ ሠሪው ጉልቬን፣ ከባሕር ዳር የባሕር ሣር ተሸክሜ ስወጣ ሸክሜን እየተቀበለ፣ «እስከ መቼ ብቻሽን?» ይለኝ ጀመር። እምቢ አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ፤ እምቢ አልኩት። በሦስተኛው ግን እሺ አልኩት። ከሠርግ በፊት እንደሚደረገው ጋብቻችን በቤተ ክርስቲያን ሁለት እሑድ ታወጀ። ሦስተኛውና የመጨረሻው አዋጅ የፊታችን እሑድ ሊሆን ነበር። ደብዳቤህን ይዤ ወደ ቄሱ ሮጥኩ። መላልሰው አዩትና፣ «መስቀሉን ከሣጥን የማወጣበት ጸሎት እኮ መጽሐፌ ውስጥ የለም» አሉ። አዋጁን ግን አስቀርተውታል።

የመርከበኞች ጠባቂ እመቤታችን ከክፉ ትሰውርህ። እስረኛ ሲለዋወጡ ያንተ ስም ቀድሞ ይጠራ። በደኅና ግባ።

ይህን ስጽፍ ጉልቬን መጣ። ማንበብ አይችልም፤ ደብዳቤህን ጠረጴዛ ላይ አየና ከማን እንደሆነ ጠየቀኝ። «ከባሌ» አልኩት። ቆቡን አጥልቆ ወደ በሩ ሄደ። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣ «ጣራሽ ያፈሳል። እሱ ሳይመጣ ልክደነው፤ እኔ መሆኔን ግን አትንገሪው» አለኝ።

ሚስትህ