ያልበቀለው ስንዴ

ለልጄ ለብርነሽ፣

እናቴ፣ ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቂያለሽ፤ የሚጽፍልኝ አብሮሽ ያስተምር የነበረው መምህር ነው። አንዳንዱን ቃል እናለዝበው ሲለኝ እንዳልኩህ ጻፍ አልኩት።

ቤቱ ደህና ነው። ላሟ ወልዳለች። እናትሽ ግን ካንቺ ወዲህ ኢተያ ገበያ መውጣት ትታለች።

ያኔ ተማሪዎችሽን ከየጎተራቸውም፣ የገበሬ ማኅበሩ ካደላቸውም እፍኝ እፍኝ የዘር ስንዴ አስመጣሽ። ትምህርት ቤቱ መሣሪያ የለውም ብለሽ አላማረርሽም፤ ዘሩ ይበቅል እንደሆነ ለመሞከር ባዶ ጣሳ፣ ቡትቶ ጨርቅና ውኃ በቃሽ። እኔማ ብቅል ለማብቀል ነው ወይ ደመወዝ የሚከፍሉሽ ብዬ ስቄብሻለሁ። አንቺም ሳቅሽ። ሳምንት ሳይሞላ ከየጎተራው የመጣው በቀለ፤ የገበሬ ማኅበሩ ያከፋፈለው አብጦ ሸተተ። ልጆቹ ያዩትን ለአባቶቻቸው ነገሩ፤ አባቶቹም ይህንን አንዘራም አሉ።

ደጀኔ የመጣው ያን ሰሞን ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ይሁን እንጂ ለእኔ የክርስትና ልጄ፣ ላንቺ ወንድምሽ ነበር። ምሳውን በልቶ፣ እስቲ አሳዪኝ እህቴ አለሽ። ሊማር መስሎሽ ጣሳውን በእጅሽ ሰጠሽው። እሱ ስብሰባ ላይ አውጥቶ አሻጥረኛ አለሽ፤ ሕዝቡን ከመንግሥት ዘር አሸሸች አለ። ከአሰላ ደብዳቤ መጣ፣ ቆላ አዛወሩሽ። የቀረውን ወባ ጨረሰው።

ዘንድሮ ደግሞ ጉድ ስሚ። ዘር ከመታደሉ በፊት ራሱ ደጀኔ በእርጥብ ጨርቅ ያስሞክራል። የማኅበሩ ዘዴ ነው ይላል። ስምሽን አይጠራም።

አሁን ልጅ ወልዶ፣ ጎረቤታችንን ኦቦ ቱፋን አስቀድሞ ሽማግሌ ላከብኝ። አባቴ ካልታረቁኝ ልጄን ክርስትና አላስነሳም ብሏል አሉኝ። እኔም፣ ብርነሽን በሰደበበት ስብሰባ ላይ ቆሞ ዘሩ የሞተ ነበር፣ ልጅቷ እውነቷን ነው ይበል አልኩ። ሄደው ተመለሱ። ድንጋይ ተሸክሞ እደጅህ ይንበረከካል፣ ስብሰባውን ግን ተወው አሉኝ። ድንጋዩን አጥሩን ይጠግንበት አልኳቸው።

ልጄ፣ እኔ ቆሜ እየሄድኩ አሻጥረኛ ተብለሽ አትቀሪም። አልረሳሽም፣ አላስረሳሽምም። በመጪው ስብሰባ እጄን አወጣለሁ፤ እሱ የፈራውን እኔ እናገረዋለሁ። ሊያስሩኝ ቢያስቡ ቤቱ አይጠፋቸውም፤ ደጀኔ በልቶበታል።

አባትሽ