ስለ ሬት አምባ አበባ ለደብረ ታቦር ገዢ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ የኢጣሊያ ሬዚደንቴ፤

ክቡር ሆይ፤

የደብረ ታቦር የጥር ብርድ እስከ አጥንት የሚዘልቅ መሆኑን እኛ ስለ ለመድነው ብንረሳውም፣ ከሞቃት አገር ለመጡት ለእርስዎ እንደሚከብድዎት በማሰብ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የጤናዎን ነገር በትሕትና እጠይቃለሁ። ምግቡ ተስማማዎት? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነትና በእርስዎ ዝንጋታ እስከ ዛሬ በሕይወት አለን።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት፣ ምስጋና በስውር ቢጻፍ ተመስጋኙን ማሳነስ ይሆናል ብዬ ነው። ስለዚህ በሦስት ቅጂ ተገልብጦ አንዱ በአንበሳሜ፣ አንዱ በሐሙሲት ገበያ ማንበብ ለሚችል ሰው ተሰጥቷል፤ ሦስተኛው በእርስዎ ደጅ ተለጥፏል። ራሴ ይዤ ያልቀረብሁት በንቀት እንዳይመስልዎት፤ እርስዎ እንግዳ ሲቀበሉ ብዙ ጊዜ ስለሚያስቀሩ ነው።

እኔ ማሩ ተገኘ እባላለሁ። በደብረ ታቦር የስልክ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስልከኛ ሆኜ አገልግዬ፣ ጆሮዬ ሲደክም ከሥራ ያረፍሁ ሽማግሌ ነኝ። ያን ያህል ዘመን በጠባብ ክፍል ተቀምጬ የሌላ ሰው ድምፅ ሳሻግር ስለ ኖርሁ፣ የአገሬን መልክ ሳላይ እንዳልሞት ብዬ ከጎረቤቴ ከአደም ኢብራሂም ጋር መንገድ ጀመርሁ። አደም ዕድሜውን በሲራራ ንግድ የፈጀ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ጉልበቱ ሲከዳው በቅሎዎቹን ለልጁ ለሙሄ አስረክቦ፣ አንዲቱን ብቻ ለእኛ ለሁለታችን ሽርሽር አስቀረ።

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ በለሳ ቆላ ቁልቁል እንወርዳለን። ሥጋችን ስለማይገናኝ እሱ በራሱ አገልግል፣ እኔም በራሴ አገልግል ስንቃችንን እንይዛለን። ከምንወርድባቸው ቦታዎች ሁሉ የምንወደው ሬት አምባ የሚባለውን ደረቅ ገደል ነበር፤ ድንጋዩ ቀይ፣ ዛፉ ቁልቋልና ግራር፣ በበጋ መግቢያ ዳገቱ በሙሉ በሬት አበባ እንደ ፍም የሚቀላ አገር ነው። ትንንሽ ወፎች አበባውን ሲቀስሙ፣ ሽኮኮ ከድንጋይ ስንጥቅ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ፣ የገደል ሚዳቋዋ ሰስ አራት እግሯን በአንዲት ጉብታ ላይ ሰብስባ ስትቆም ውለን እናያለን። እኔ ወዲያ ወዲህ ስል አደም፣ “ማሩ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ዝም ካልህ አገሩ ራሱ ወደ አንተ ይመጣል” ይለኝ ነበር። የሁለት ሽማግሌዎች ደስታ ይህ ብቻ ነበር፤ ይህንንም ደስታ እርስዎ እንዴት እንዳሻሻሉልን በየተራ ልዘርዝር።

አንደኛ፤ ስለ ወረቀቱ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ወደ ሬት አምባ ለመሄድ የሚያስፈልገው እግር ብቻ ነበር። አሁን ወረቀት ስለሚያስፈልግ የመንገዱ ክብር ከፍ ብሏል። ባለፈው መስከረም ከጽሕፈት ቤትዎ ደጅ አራት ቀን ቆመን በአምስተኛው ስንገባ፣ በአስተርጓሚዎ በኩል ወደዚያ የምንሄደው ለምን እንደ ሆነ ጠየቁን። “አበባ ልናይ” አልን። እንባዎ እስኪፈስ ሳቁ። አስተርጓሚውም፣ “ጌታው፣ ‘የዚህ አገር ሽማግሌ አበባ ለማየት ከወጣ አገሩ ሰላም ሆኗል ማለት ነው’ ይላሉ” አለን። ማኅተሙን መቱልን። በዚህ ዘመን ከእጅዎ ማኅተም ተቀብሎ በሕይወት የወጣ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ለዚህ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቁልቋሉ። ሽፍታ እንዳይሸሸግበት ብለው ከመንገዱ ግራና ቀኝ መቶ መቶ እርምጃ ያለውን ቁልቋል ሁሉ ስላስቆረጡ፣ ዕይታችን እጅግ ሰፍቷል። ምንም የማያውቁት አያቶቻችን ቁልቋል ቢጫ አክሊሉን ደፍቶ ሲያብብ እስኪያዩት ጠብቀው ሳይነኩት ኖሩ። ሲቆረጥ የሚፈሰው ወተት ዓይን እንደሚያጠፋ በግድ የተወሰዱት ገበሬዎች ቢነግሩዎት ስንፍና መሰለዎት። ታደሰ የሚባለው የሁለት በሬ ጌታ ዛሬ በልጁ ትከሻ ተመርቶ ይሄዳል። እርስዎ ያሰፉለትን ዕይታ እንዲያመሰግን ብጠይቀው፣ “ንገሯቸው፣ አላየሁትም” አለኝ። እነሆ ነገርሁዎት።

ሦስተኛ፤ ስለ አራዊቱ። ወታደሮችዎ ለዓይን ማሟሻ ዝንጀሮና ጅግራ እየተኮሱ ስለጨረሱ፣ ገደሉ እንደ ቤተ መቅደስ ጸጥ ብሏል። ለጸሎት ይመቻል።

አራተኛው ረዘም ይላል፤ ስለሚያደክምዎት ይቅርታ እየጠየቅሁ እጽፈዋለሁ።

ባለፈው ዓመት በሰኔ ወር አንድ የጭነት መኪናዎ ከሬት አምባ በላይ ተቃጠለ። ያቃጠሉት ሸሹ፤ እርስዎም በጥበብዎ ያልሸሹትን ያዙ። በማግሥቱ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በዚያው መንገድ መጡ። ሙሄ አደም ጨው ጭኖ ነበር። ጌጤ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለቤቴ ማር የምታመጣው ባልቴት፣ ባዶ ቅሏን አዝላ ነበር። የቀሩትም እንደነርሱ ሻጭና ገዢ ነበሩ። እርስዎ ራስዎ በቦታው ተገኝተው በገደሉ አፋፍ አቁመው አስተኮሱባቸው። ከዚያም በከተማው ነጋሪት ተጎስሞ፣ “ዐሥራ አንድ ወንበዴዎች ተቀጥተዋል፤ ሬሳቸውን ያነሣ እንደነርሱ ይቀጣል” ተባለ፤ ከቁልቁለቱ ራስ ላይም ሦስት ዘበኞች ተተከሉ።

አደም ነጋሪቱን ከሱቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ሰማ። አላለቀሰም። ሐዘን መቀመጥም ስለ ተከለከለ፣ ሚስቱ ዘሀራ ፍራሿን አንጥፋ ሰው ሲገባ የታመመች እየመሰለች ተኛች። ክረምቱን ሙሉ ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተናገረኝም። መስከረም ሲጠባ ግን ደጄ ላይ ቆሞ፣ “ሬቱ አብቦ ይሆናል። አንሄድም?” አለኝ። ገባኝ። ጫማዬን አጠለቅሁ። እርስዎን ያሳቀዎት ጉዳያችን ይህ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ ወረድን። ዘበኞቹ ወረቀታችንን አይተው አሳለፉን። ክቡር ሆይ፣ ሬቱ በዕድሜዬ እንደዚያ ሲያብብ አላየሁም። ዳገቱ ቀልቶ ዓይን ያጥበረብር ነበር፤ ነገር ግን አንድ ወፍ አልነበረበትም። እንደ ልማዳችን ከግራሩ ሥር ተቀምጠን አገልግላችንን ሳንከፍት ዝም አልን። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከማዶ ቋጥኝ ላይ አንዲት ሰስ ወጣች። እኛን አላየችንም፤ ቁልቁል ወደ አንድ ቦታ ብቻ ታይ ነበር። አደም ዓይኗን ተከትሎ አየና፣ “እዚያ ነው” ብሎ ተነሣ።

ዝናቡና አውሬው የተዉልን አጥንትና ጨርቅ ነበር። የጌጤን አጥንት በክር ማተቧ ለየሁ፤ የብር መስቀሏ እንደ ተንጠለጠለ ነበር። አደም አጥንቶቹን አንድ በአንድ እያነሣ በመዳፉ ሲዳስስ ቆየና አንድ የቅልጥም አጥንት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። መሐሉ ላይ ጉብ ያለ ጠባሳ ነበረበት። “በሰባት ዓመቱ ከበቅሎ ወድቆ ተሰብሮ፣ ወጌሻ ያሰረው ነው” አለኝ፤ ጣቱንም ከጉብታው ላይ አላነሣም። ከዚያ ስንቁን ለጉንዳን ደፍቶ፣ ልጁን በአገልግሉ ውስጥ አስቀመጠ። እኔም ጌጤን በእኔ አገልግል አድርጌ በሁለቱም ላይ የሬት አበባ ከመርሁ።

አቀበቱን ስንወጣ ከኋላችን ብዙ ሰው የሚከተለን መሰለኝ። የእግር ኮቴ፣ የበቅሎ ትንፋሽ፣ ሴት ስትስል እሰማ ነበር። ጆሮዬ መድከሙን ስለማውቅ አደምን፣ “ትሰማለህ?” አልሁት።

“እሰማለሁ” አለኝ። “አትዙር። ተራቸውን እየጠበቁ ነው።”

ስለዚህ ተመላለስን። በማኅተምዎ ሰባት ጊዜ ወርደን ሰባት ጊዜ ወጣን። በሁለተኛው ጉዞ ከዘበኞቹ አንዱ አገልግሉን አስከፍቶ እጁን ከአበባው ሥር ሰደደ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ጓደኞቹ ከጥላው ሥር ሆነው፣ “ምንድን ነው የያዙት?” ሲሉት፣ እጁን ቀስ ብሎ አወጣና፣ “አበባ ነው” አላቸው። አበባውንም መልሶ ካስተካከለ በኋላ በለሆሳስ፣ “አባቶቼ፣ ይህ ጠውልጓል፤ ነገ ተነገ ወዲያ ደግሞ ኑ፤ ተረኛው እኔ ነኝ” አለን። ስሙ ፈንታሁን ነው። ስሙን የምጽፈው ጠመንጃዎን ይዞ እጅዎ ከማይደርስበት ስለሄደ ነው። በመዝገብዎ ጅብ በላው ተብሎ እንደ ተጻፈ ሰምቷል፤ ጤናው መልካም መሆኑን እንድገልጽልዎት አደራ ብሎኛል።

በየጉዞው ከኋላችን የሚከተለን ኮቴ እያነሰ ሄደ። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በሰባተኛው ጉዞ፣ ገደሉን ዞረን ዞረን ምንም አላገኘንም። ከግራሩ ሥር ተቀመጥን። ከቀትር በኋላ ከሬቱ መሐል አንዲት ቆቅ ጮኸች፤ ሌላዪቱ መለሰችላት። አንድ ትንሽ ወፍ መጥቶ አደም አጠገብ ካለው አበባ ላይ ተንጠላጥሎ መቅሰም ጀመረ። ያን ጊዜ አደም አለቀሰ። ከሰኔ ጀምሮ ያጠራቀመውን ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ወፉም አልሄደም።

የት እንደ ቀበርናቸው አልጽፍም፤ ድካምዎን ለመቀነስ ነው። ማን ክርስቲያን ማን እስላም እንደ ሆነ ከሁለቱ በቀር መለየት ስላቃተን፣ አንድ ቄስና አንድ ሼኽ በአንድ ጉድጓድ አፍ ጎን ለጎን ቆሙ። ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ ሼኹ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቁ፤ ሼኹ ሲሰግዱም ቄሱ እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆሙ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ስለ ሆነ፣ አገር በማስታረቅ በኩል ያለዎትን ችሎታ ሳላደንቅ አላልፍም። ዘሀራም ከዚያ ቀን በኋላ ፍራሿን አጠፈች።

አምስተኛ፤ ስለ አደራው። ማኅተሙን ሲመቱልን ለግቢዎ አንድ የሬት ተክል እንድናመጣልዎት ማዘዝዎት ይታወሳል። አምጥተናል፤ ከመስኮትዎ ሥር ጸድቋል። ከየትኛው አፈር እንደ ነቀልነው አልጠየቁንም፤ እኛም ሳንጠየቅ መናገር ነውር ስለሆነ አልነገርንዎትም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከቁልቁለቱ ራስ ላይ ያሉትን ዘበኞች ያንሡልን ብዬ አልለምንም። ባዶ ገደል መጠበቅ ጥይት አያስጨርስም፤ አየሩም ለጤና ይስማማል። የምለምነው፣ እኛን ፍለጋ ሰው እንዳያደክሙ ብቻ ነው፤ አደም፣ ዘሀራና እኔ ከከተማ ወጥተናል፤ በደጋም በቆላም የሚያሳድረን ዘመድ አለን። ሽማግሌ መንገደኛ የሚያሳልፈው አያጣም።

ጌታ በእርስዎ ላይ ያለውን ዕዳችንን ሁሉ እንዲከፍልልን፣ ለእርስዎም ረጅም ዕድሜና ምንም የማይረሳ ልቡና እንዲሰጥዎት ዘወትር የምንማልድ፣ በወረቀትዎ የተጓዝን፣ በሳቅዎ የተሸኘን፣ ውለታዎን ለልጅ ልጅ የምናወርስ፤

ማሩ ተገኘ፣ የቀድሞ ስልከኛ

ስለ ራሱና ስለ ጓደኛው ስለ አደም ኢብራሂም

ጥር 18 ቀን 1931 ዓ.ም.

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ በነጋሪት ያስነገሩት ዐሥራ አንድ ሰው ነበር። ስንቀብር ግን ራስ ቅሎቹ ዐሥራ ሁለት ሆኑ፤ ሦስት ጊዜ ቆጠርናቸው፣ ዐሥራ ሁለት ናቸው። ለዐሥራ አንዱ ዘመዶቻቸው በስም አልቅሰውላቸዋል። ዐሥራ ሁለተኛው ማን እንደ ሆነ በአገሩ ሁሉ ጠይቀን፣ ሰው ጠፋብኝ የሚል አላገኘንም። በሕይወት ሳለ ፊቱን ካዩት ሰዎች መሐል የምናውቀው እርስዎን ብቻ ነው። ስሙን ጠይቀውት ከነበረ ይላኩልን።